ወተቴ ውስጥ የገባው እርሳስ

መጀመሪያ ያየሁት የሆድ ድርቀቷን ነው። ሶስና ገና አራት ወሯ ነበር፤ ከጡቴ በቀር ምንም አልቀመሰችም። ትነጫነጫለች፣ ኪሎ አልጨምር አለች፣ ፊቷ እየገረጣ ሄደ። እኔንም ሆዴን ይቆርጠኝ ነበር፤ የወሊድ ድካም ነው ብዬ ተውኩት።

ካዛንቺስ አንድ ክሊኒክ ወሰድኳት። የደም ማነስ ነው ብለው ሽሮፕ ሰጡን። ለውጥ የለም። በሦስተኛው ጊዜ ሌላ የሕፃናት ሐኪም አየችን።

"ባለቤትሽ ሥራው ምንድን ነው?" አለችኝ።

"የመኪና ባትሪ ይጠግናል። ቂርቆስ፣ እዚያው ግቢያችን ውስጥ። አሮጌውን አቅልጦ ይሸጣል።"

"ቱታውን ማን ያጥባል?"

"እኔ ነኛ።"

የሁለታችንም ደም ተወስዶ ውጭ አገር ተላከ።

ውጤቱ ሲመጣ "እርሳስ ነው" አለችኝ። መጻፊያው መስሎኝ ግራ ገባኝ። "ማዕድኑን ማለቴ ነው፤ ባትሪ ውስጥ ያለውን። ጭሱና አቧራው ደምሽ ውስጥ ገብቷል፤ በወተትሽም ወደ እሷ ያልፋል። ያንቺ መጠን በጣም ከፍተኛ ስለሆነ ለጊዜው ጡትሽን አትስጫት።"

ወተቱን እያለብኩ ደፋሁት። ጡጦውን እምቢ አለች። ደረቴን እየፈለገች አለቀሰች። ባለቤቴ ታምራት በር ላይ ቆሞ "እኔ ነኝ የመረዝኳችሁ" አለ። ጡጦውን ደግሜ አፏ ላይ አደረግኩላት።

በሳምንቱ ሥራውን ተወ። የግቢው ልጆች አፈሩ ላይ ይጫወቱ ስለነበር፣ እሱ ራሱ በየጎረቤቱ ቤት እየገባ "ልጆቻችሁን አስመርምሩ" ብሎ ተናገረ። የሰደቡት አሉ፤ ያመሰገኑትም አሉ። እኛም ባምቢስ አካባቢ አንዲት ክፍል ተከራየን፤ እሱ ጎማ ቤት ተቀጠረ፣ እኔም በየወሩ ለምርመራ እየተመላለስኩ በሶስናም በእኔም ደም ውስጥ ያለው እርሳስ ቀስ በቀስ ሲወርድ አየሁ። ሐኪሟ ማጥባት ስትፈቅድልኝ ግን ጡቴ ደርቆ ነበር።

አሁን ዓመት ከመንፈቅ ሆኗታል፤ ትሄዳለች፣ ትስቃለች። አፏን ግን እስካሁን በደንብ አልፈታችም። ከእርሳሱ ይሁን አይሁን ማንም አላወቀም። "እየተከታተልን እናያለን" ይሉኛል።

ያቺን ሐኪም እግዜር ይስጣት፤ እሷ ባትጠይቀኝ አሁንም ያንን ቱታ አጥብ ነበር። እናንተ ግን እስክትጠየቁ አትጠብቁ፤ ቤታችሁ ውስጥ የሚሠራውን ሁሉ ለሐኪም ንገሩ። የሥራ ልብስ ከሕፃን ልብስ ጋር አይታጠብ። ይህን አንብባችሁ ደግሞ ፈርታችሁ ጡት እንዳትነሱ፤ የጡት ወተት ለልጅ ደግ ነው። ከጠረጠራችሁ መጀመሪያ ደማችሁን ተመርመሩ።