ከኪቦርዱ የነቀልኳት ፍላሽ

ይህን ለሚስቴም አልነገርኩም። እኔና እሷ ስለ ሁሉም ነገር የምናወራ ሰዎች ነን፤ ይህን ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ከአፌ አልሰማችም። እሷ ብቻ ሳትሆን ማንም አልሰማም። ክርስቲያን ጓደኞቼ የንስሐ አባት አላቸው፤ ሄደው ይናገራሉ፣ ቀልሏቸው ይመለሳሉ። እኔ እንዲህ ያለ ሰው የለኝም። በእኛ በሙስሊሞቹ ዘንድ የሰው ሐቅ የነካ ሰው ባለ ሐቁ ፊት ቆሞ አውፍ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ ማለት አለበት። እኔ ደግሞ ባለ ሐቁን ፈርቼ ነው መጀመሪያ ወደ አንተ፣ ወደማታውቀኝ አንባቢ፣ የመጣሁት። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ፈሪ መሆኔን እወቅልኝ፤ ሌላውን ቀስ ብለህ ትደርስበታለህ።

ያደረግሁት ይህ ነው። የአንድ ትልቅ ሰው ፍላሽ ከኪቦርዳቸው ላይ ነቀልኩ። ዕቃዬን ጠብቅልኝ ብለውኝ ሄደው ነቀልኩ። እየሰገዱ ሳሉ ነቀልኩ።

ቀን ቀን እዚህ ባሕር ማዶ፣ ታከር በምትባል ከተማ ባለ መጋዘን የዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍት እነዳለሁ። ቅዳሜና እሁድ ቤዝ ጊታር እጫወታለሁ። ሙዚቀኛ ነኝ ብዬ አፌን ሞልቼ ተናግሬ አላውቅም፤ ሠርግ ላይ፣ ምርቃት ላይ፣ የሰፈር ዝግጅት ላይ የምጫወት አማተር ነኝ። ቤዝ ተጫዋች ምን እንደሆነ ታውቃለህ? ሲጠፋ እንጂ ሲኖር የማይታወቅ ሰው ነው። ከተጫወትኩባቸው ሠርጎች ሁሉ ቪዲዮ ላይ ያለሁት በአንዱ ብቻ ነው፣ እሱም ክርኔ ነው። አንድ ጊዜ አንዲት እናት ባለ አራት ክር ጊታሬን አይተው "ልጄ፣ ሁለቱ ክር ተበጥሶብህ ነው?" ብለውኛል። ሳቅሁ። ውስጤ ግን አልሳቀም፤ እንዲህ ያለውን ሁሉ ሳጠራቅም ኖሬያለሁ።

ባንዳችን አራት ሰው ነበር። ዘፋኙና አለቃችን ሚሊዮን፣ አንድ ሳክስፎን ተጫዋች፣ እኔ፣ ኪቦርድ ላይ ደግሞ ጋሽ ሰይድ። ጋሽ ሰይድ የደሴ ሰው ናቸው፤ በሥራ ቀን ከኤርፖርት ወደ ሆቴል መንገደኛ የሚያመላልስ ሚኒባስ ይነዱ ነበር። ድራም መቺ ስላልነበረን ከበሮው፣ ጭብጨባውና ማሲንቆው ሁሉ የሚወጣው ከእሳቸው ኪቦርድ ነው። ምቶቹን በብዙ ዓመት ልፋት ራሳቸው ሠርተዋቸዋል። ኪቦርዱ አሮጌ ስለሆነ በጠፋ ቁጥር ሁሉንም ይረሳል፤ ሲበራ እንደገና ከፍላሿ ማንበብ አለበት። ፍላሿ የአውራ ጣት ጥፍር ታክላለች፤ እንዳትጠፋ አረንጓዴ ክር አስረውባት ነበር።

ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ባንዱ ውስጥ ስገባ ምት ይዤ መቆየት አልችልም ነበር፤ ሰው ሲጨፍር ሳይ እኔም እፈጥናለሁ። እሳቸው በአንድ እጃቸው እየተጫወቱ በሌላው ትከሻዬን መታ መታ ያደርጉና "ነስሩ፣ አትሩጥ፣ ማንም አላባረረህም" ይሉኛል። እንደዚያ ነው ቤዝ የለመድኩት። ይህን የምነግርህ ማንን እንደጎዳሁ እንድታውቅ ነው።

አንድ እሁድ ስቶን ማውንቴን ውስጥ ባለው የሚሊዮን ቤት ጋራዥ ልምምድ ነበረን። ትራፊክ ይዞኝ ዘገየሁ። መኪናዬን ፓርክ አድርጌ ጊታሬን ተሸክሜ ስጠጋ ከጋራዡ ውስጥ ቤዝ ይሰማል። የእኔ ቤዝ፣ እኔ ሳልኖር! ጋሽ ሰይድ በግራ እጃቸው እየተጫወቱት ነው፤ ያውም ከእኔ አሳምረው። ሙዚቃው ሲቆም ሚሊዮን "ጋሽ ሰይድ፣ እርስዎ በግራ እጅዎ ከያዙት ቤዝ ምን ያደርግልናል? ለምን ለሦስት አንሠራም?" አለ። ጋሽ ሰይድ ሳቁ። መልሳቸውን ለመስማት አልቆምኩም። ወደ መኪናዬ ተመልሼ አሥር ደቂቃ ተቀመጥኩ፣ ከዚያ አሁን እንደደረሰ ሰው ገባሁ። ያችን ሳቅ ግን ሳምንቱን ሙሉ ፎርክሊፍት ላይ ሆኜ ስሰማት ዋልኩ። ለምን አልጠየቅኋቸውም? ምን አሉት ብዬ ሳክስፎኑን ብጠይቀው ምን ነበረበት? አልጠየቅሁም። መልሱን ራሴ ሰጠሁ፤ ሰጥቼም ፈረድኩ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ቻምብሊ ውስጥ ባለ አዳራሽ ሠርግ ነበረን። ሙሽሮቹ አመሻሽ ላይ ይገባሉ ተብሎ እኔና ጋሽ ሰይድ ከሰዓት በኋላ ቀድመን ደረስን። በየሠርጉ ልማድ ነበረን፤ የሶላት ሰዓት ሲደርስ ተራ በተራ እንሰግዳለን፣ አንዱ ሲሰግድ ሌላው ዕቃ ይጠብቃል። አዳራሽ ውስጥ ሰው ይተራመሳል፤ አበባ የሚሰቅሉት ገመድ ይነቅላሉ፣ ልጆች ያገኙትን ይነካካሉ። የዚያን ቀን የአስር ሶላት ሲደርስ እሳቸው ቀደሙ። ኪቦርዱን አበሩ፣ ፍላሿን ሰኩ፣ ትንሿ መብራት በራች። አየኋት። "ኢንሻላህ ዛሬ አዲስ ነገር አለኝ" አሉና ኪቦርዱን መልሰው አጠፉ። እጅጌያቸውን እየጠቀለሉ "ነስሩ፣ ዓይንህን እንዳትነቅል፣ መጣሁ" አሉኝ።

አዲስ ነገር! ያ አዲስ ነገር እኔን ማባረሪያ መሰለኝ።

በወጥ ቤቱ በር አጠገብ መስገጃቸውን ዘረጉ። ከቆምኩበት ጀርባቸው ይታየኛል። ሱጁድ እስኪወርዱ ጠበቅሁ፤ ግንባራቸው መሬት ሲነካ ነቀልኳት። ድንገት አይደለም፣ እጄ አልቀደመኝም፣ ሸይጧን ነው ብዬም አላሳብብም። ጠብቄ ነው የነቀልኳት። ሐሳቤ አምስት ደቂቃ ላስደነግጣቸውና ልመልሳት ነበር። ያለ ምቶቻቸው ሲጨነቁ ማየት፣ አንድ ሰው እንኳ ወደ እኔ ዞር ሲል ማየት ነበር የፈለግሁት። አምስት ደቂቃ ብቻ!

ተመልሰው "ተራህ ነው፣ ሂድ ስገድ" አሉኝ። ሄድኩ። ፍላሿ ሱሪዬ ኪስ ውስጥ ሆና ሰገድኩ። ስወርድ ታፋዬን ትወጋኛለች፣ ስነሳ ትተወኛለች። እንደዚያም ሆኖ ጨርሼ አሰላመትኩ። ምን ያህል የደነደነ ሰው ነኝ?

ስመለስ ሚሊዮንና ሳክስፎኑ ደርሰው ከጋሽ ሰይድ ጋር መድረኩ ላይ ነበሩ። መመለሻ ቀዳዳ ጠፋ። ኪቦርዱ ሲበራ ባዶ ነው። ጋሽ ሰይድ ጎንበስ ብለው አዩ። ኪሳቸውን፣ ቦርሳቸውን፣ የመነጽራቸውን ቤት፣ በመጨረሻ ጫማቸውን ሳይቀር ፈተሹ። ሚሊዮን "ጋሽ ሰይድ ምንድነው? የሙሽሮቹ ሊሞ ፓርክ እያደረገ ነው እኮ!" እያለ ይጮኻል። ፎቶግራፈሩ በር ላይ ሆኖ እጁን ያወዛውዛል። ያኔ ጋሽ ሰይድ ወደ እኔ ዞሩ።

"ነስሩ፣ ሰክቼያት አልነበር?"

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሁሉም ሰው ቤዝ ተጫዋቹን አየው። ከኪሴ ላወጣት እችል ነበር። መሬት ላይ ጥዬ "ይችውና" ልል እችል ነበር። አላልኩም።

"ሲሰኩ አላየሁም" አልኩ።

ያቺ ቃል ከነቀልኩበት እጅ ትብሳለች። ጋሽ ሰይድ ከእኔ ጋር አልተከራከሩም። ቢከራከሩኝ ይሻለኝ ነበር። የሚያምኑኝ ስለሆነ እኔን ትተው ራሳቸውን ጠረጠሩ፤ ፊታቸው ላይ ሲሆን አየሁት። "እንግዲህ ቤት ረስቻት ይሆናል" አሉ ቀስ ብለው።

ሙሽሮቹ ገቡ። ኪቦርዱ አብሮት በተሠራው የፈረንጅ ምት ተጫወትን፤ ለትከሻ የማይመች ምት ነው። ሕዝቡ ግራ ሲገባው እኔ ቤዙን ከፍ አድርጌ ምታችንን ያዝኩ፣ ጭብጨባው ተከተለኝ። ሚሊዮን በማይክሮፎን "ቤዝ ላይ ነስሩ!" አለ። ደስ አለኝ። ይህንንም አልደብቅህም፣ ደስ አለኝ። ፍላሿ ኪሴ ውስጥ ሆና ሳቅሁ። ዕቃ ስንሰበስብ ጋሽ ሰይድ እጄን ይዘው "ዛሬ ገመናዬን ሸፈንክልኝ፣ አላህ ገመናህን ይሸፍንልህ" ብለው መረቁኝ። ዱዓቸው ደረሰ። ሁለት ዓመት ተሸፈነልኝ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁሉ ቆሜ አየሁ። ጋሽ ሰይድ ፍላሿን ቤታቸው አጡ፣ መኪናቸው ውስጥ አጡ፣ የት እንዳኖሯት ማስታወስ አቃታቸው። እንዴትስ ያስታውሱ? ያላደረጉትን ነገር! ራሳቸውን መጠራጠር ጀመሩ። በር ቆልፈው ይወጡና ተመልሰው ያያሉ። ምድጃ አጥፍተው ሊያረጋግጡ ይመለሳሉ። ሁላችንም የምንረሳውን ጥቃቅን ነገር መቁጠር ያዙ። አንድ ቀን መንገደኞች ጭነው ሳሉ የኋላ በር መዝጋታቸውን ተጠራጥረው አውራ ጎዳና ዳር ቆሙ፤ በሩ ተዘግቷል። በማግስቱ የሚኒባሱን ቁልፍ ለአሠሪያቸው መለሱ። "ራሴን አላምነውም፣ ሰው ይዤ እንዴት እነዳለሁ?" አሉኝ። ባንዱንም ተዉ። እኔ ምን አልኳቸው? "አይዞዎት፣ ዕድሜ ነው" አልኩ።

ባለፈው ወር ልጃቸው ሀያት ደወለችልኝ። እዚሁ ያደገች ፋርማሲስት ናት፤ አማርኛዋ ላይ እንግሊዝኛ ትቀላቅላለች፤ አባቷን ትወዳለች። "ነስሩ ሶሪ፣ ሥራ ላይ ከሆንክ ሌላ ጊዜ ልደውል። ዶክተሩ አባዬን የመርሳት ቴስት አድርጎት ምንም አላገኘም፣ ግን መቼ እንደጀመረው ይጠይቃል። አባዬ ሠርጉ ላይ ነው ይላል። ላይክ፣ አንተ ነበርክ አይደል? ሪሊ ፍላሹን ረስቶት ነው የመጣው?"

አየህ፣ በሩ ተከፍቶልኝ ነበር። እጄ ላይ ተሰጥቶኝ ነበር።

"አዎ፣ ረስተዋት ነው" አልኩ።

"ኦኬ" አለች። አመስግናኝ ዘጋች። በዚያ ሳምንት ታከር ያለውን ቤታቸውን ለቀው እሷ ጋ እንዲኖሩ፣ መኪና መንዳትም ጨርሰው እንዲተዉ ተወሰነ። ብቻቸውን ምግባቸውን የሚያበስሉ፣ ጎረቤት የሚጠይቁ፣ ለጁምዓ ራሳቸው ነድተው የሚሄዱ ሰው። በእኔ አንድ "አዎ" ተወሰነ።

ባለፈው እሁድ ጠሩኝ። በራቸው ላይ ከመውጣታቸው በፊት የሚያነቡት ወረቀት ተለጥፏል። "ቁልፍ። ስልክ። መነጽር። ምድጃ። ፍላሽ።" ኪቦርድ መጫወት ከተዉ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ፍላሽ ግን አሁንም እዚያ ተጽፋለች። በየቀኑ ከቤት ሲወጡ ያነቧታል። ኪቦርዱን በጨርቅ ጠቅልለው ጠብቀውኝ ነበር። "ያንተ ይሁን። ያን ቀን የሸፈንክልኝን አልረሳሁትም" አሉኝ። ያልረሱት እሱን ነው! ተቀበልኩ። አመሰገንኩም።

ቤቴ ገብቼ ከጊታሬ ሳጥን ኪስ ፍላሿን አወጣሁ። አረንጓዴው ክር እንዳለ ነው። ሁለት ዓመት ከፍቻት አላውቅም ነበር፤ ሰካኋት። ለዚያ ሠርግ ያሰናዷቸው አሥራ አንድ ምቶች አሉ፣ በእንግሊዝኛ ፊደል "ነስሩ አንድ"፣ "ነስሩ ሁለት" እያሉ ሰይመዋቸዋል። አንዱን አስነሳሁ። ከበሮው አለ፣ ጭብጨባው አለ፣ ማሲንቆው አለ። ከምቱ ጋር አብሮ የሚሠራው ቤዝ ግን የለም። ሁለተኛውን አስነሳሁ፤ የለም። በአሥራ አንዱም ቤዙን አጥፍተውታል። ለእኔ ቦታ ለቀውልኛል። ሚሊዮን ለሦስት እንሥራ ሲል ስቀው የመለሱለት መልስ ይሄ ነበር፤ "አዲስ ነገር" ያሉኝም ይሄ ነበር። እኔ ግን ቆሜ አልሰማሁም።

ይህን የምጽፍልህ ስልኬ ላይ ነው፣ ታከር፣ በራቸው ፊት ለፊት መኪናዬን አቁሜ። ኪቦርዱ የኋላ ወንበር ላይ ነው፣ ፍላሿ ግራ እጄ ውስጥ ናት። ሀያት ዕቃ የምትጭንበትን መኪና ይዛ ከአስር ሶላት በኋላ ትመጣለች። በመስኮቱ ይታዩኛል፤ መስገጃቸውን አሁን ዘረጉ። ቀናሁ አልልህም፣ ፈራሁ አልልህም። ሁለቱም ነበሩ፣ ግን የነቀሉት እነሱ አይደሉም። እኔ ነኝ። አንተም ይቅር እንዳትለኝ፤ ሐቁ ያንተ አይደለም። እሳቸውም አውፍ አልልህም ካሉ ያምርባቸዋል።

ጨርሰው እስኪያሰላምቱ እዚሁ እጠብቃለሁ። ከዚያ በራቸውን አንኳኩቼ፣ ወረቀቱ ሥር ቆሜ፣ ሁለት ዓመት ያዘገየሁትን እነግራቸዋለሁ። ጋሽ ሰይድ፣ ምንም አልረሱም። ሰክተዋት ነበር። መብራቷም በርታ ነበር። አይቻለሁ።