የሰባቱ መስኮቶች ዋጋ

ተናኘወርቅ ነፋስ ስልክ አካባቢ ባለ አንድ ትምህርት ቤት መዝገብ ቤት ሃያ ሁለት ዓመት የሠራች ሴት ናት። ያልተፈረመበት ወረቀት ከእጇ አያልፍም። ባሏ ደምሰው ጡረታ የወጣ ሾፌር ነው፤ እሱ ደግሞ ሰውን ፊቱን አይቶ ያምናል። አስም አለበት። ካቻምና ክረምት ዝናቡ በዛገው የላሜራ መስኮት እየሰረገ የመኝታ ቤቱን ግድግዳ ሲያርስ ከርሞ፣ ደምሰው ሁለት ጊዜ ሆስፒታል ተኛ። ሐኪሙም፣ "እርጥበቱን ካላስቀራችሁ መድኃኒት ብቻውን አይችለውም" አላት።

ስለዚህ አምና ሰኔ ሳይገባ ሰባቱም መስኮቶች በአልሙኒየም እንዲቀየሩ ተወሰነ። ያላቸው ግን ዘጠና ሺህ ብር ብቻ ነበር።

ተናኘወርቅ ሜትር ይዛ ለካች፤ ሁሉም ተደምሮ ወደ አሥር ካሬ መጣ። ሦስት ቦታ ዋጋ ጠየቀች። ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ ያለ አንድ ሱቅ ሙሉ ክፍያ በቅድሚያ ካልሆነ አልነካም ስላላት ተወችው። ፉሪ የሚሠራው ፈየራ ራሱ መጥቶ ለክቶ፣ ከመንቀል እስከ ልስን ሁሉንም ዘርዝሮ በካሬ አሥራ አንድ ሺህ አምስት መቶ ብር ጻፈላት። የደምሰው የድሮ ባልደረባ ያመጣው ማናዬ ግን መስኮቶቹን በዓይኑ ቃኘት አድርጎ፣ "ስምንት ሺህ አምስት መቶ" አለ።

"የሰላሳ ሺህ ብር ልዩነት እኮ ነው፣ ተናኘ!" አለ ደምሰው። "ከዚህ ወዲያ ምን ይታሰባል?"

"ምን ምን እንደሚጨምር አልነገረንም። በወረቀት ያምጣ።"

"አንቺ ደግሞ ሁሉ ነገር ወረቀት!"

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ቢሮ ሳለች ጎረቤቷ መርዋ ደወለችላት። "ቤታችሁን እያፈረሱት ነው፤ ታውቂያለሽ?"

ከቢሮ እየሮጠች መጣች። በፉሪ በኩል ሰማዩ ጠቁሯል። የመኝታ ቤቱ መስኮት ተነቅሎ አጥር ላይ ተደግፏል፤ ግድግዳው አፉን ከፍቷል። ማናዬ መዶሻውን ይዞ ወደ ሁለተኛው እያመራ ነበር። ደምሰው ገንዘብ ያለበትን ፖስታ እንደያዘ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ አቧራው ያስለዋል።

"ማን ጀምር አለህ?"

"ጋሼ ናቸው። አርባ ሺህ ቀብድ ብቻ ነው የምንጠብቀው፣ ማዘር።"

ደብተሯን አወጣች። "መንቀልና መግጠሙ በዋጋው ውስጥ ነው?"

"እሱማ ለብቻ ነው። የታወቀ ነው።"

"ጎማውና መዝጊያውስ? ልስኑስ?"

"እነሱም ለብቻ። ለአንድ መስኮት አምስት ሺህ ያዙለት።"

ተናኘወርቅ ቆማ ደመረች። ለሰባቱ ሠላሳ አምስት ሺህ፤ ከሰማንያ አምስቱ ጋር መቶ ሃያ ሺህ። የፈየራ መቶ አሥራ አምስት ነበር። ደብተሩን ለባሏ አሳየችው። ደምሰው ቁጥሩን በጣቱ እየተከተለ አነበበ። ሰማዩ አጉረመረመ።

"ቀዳዳውን ታቅፋችሁ ልታድሩ ነው?" አለ ማናዬ። "ቀብዱን ስጡኝ፣ አሁኑኑ ሸራ እወጥርላችኋለሁ።"

የደምሰው ደረት ማፏጨት ጀምሮ ነበር። "ተናኘ... እንስጠውና ይገላግለን።"

ፖስታውን አየች፤ ባሏን አየች። "አንሰጥም" አለች። "የዛሬ ድካምህን አንድ ሺህ ብር ውሰድ፣ በቃ።"

ማናዬ አምስት ሺህ ካልሆነ ብሎ ጮኸ። ጎረቤት ሲሰበሰብ አንድ ሺሁን መንትፎ፣ በሩን በርግዶ ወጣ።

ወዲያው ፈየራ ጋ ደወለች። "ዋጋ ልከራከርህ አይደለም። መስኮቴ ተነቅሎ ዝናብ መጣብኝ፤ ባለቤቴ መተንፈስ አቅቶታል።"

"አዲሱን ለማድረስ አራት ቀን ይፈጅብኛል፣ እትዬ ተናኘ። አሮጌውን ግን እንዳትጥሉት፤ መጣሁ።"

እሱ እስኪደርስ ዝናቡ ቀደመው። ተናኘወርቅና መርዋ የፕላስቲክ ምንጣፍ በክፍተቱ ላይ ግራና ቀኝ ይዘው ቆሙ፤ ውሃው በክንዳቸው ወደ ብብታቸው ይወርዳል። ደምሰው ሳሎን ገብቶ የሚስበው የአስም መድኃኒት ድምፅ በተሰማ ቁጥር ተናኘወርቅ፣ "አለህ?" ትላለች። "አለሁ" ይላል፣ እየቆየ። አንዴ መልሱ ዘገየባትና ምንጣፉን ልትለቅ ምንም አልቀራት።

ፈየራ በባጃጅ ደረሰ። በዝናቡ ውስጥ አሮጌውን መስኮት በእንጨት ሽብልቅ አጥብቆ፣ ዙሪያውን በሲሚንቶ ደፈነላት። ገንዘብ ብትሰጠው አልቀበልም አለ።

"ጥፋቱ የኔ ነው" አለ ደምሰው ትንፋሹ ሲመለስለት። "በዚያ ላይ ብራችን ለፈየራም አይበቃም።"

"ዝናብ በቀጥታ የሚመታው የትኛውን ነው?" አለ ፈየራ። ዞረው ቆጠሩ፤ አራት ሆኑ። ለአራቱ ስድሳ ስድስት ሺህ ገደማ። ተናኘወርቅ ውሉን ሁለት ጊዜ አንብባ ፈረመች፤ ደምሰውም ያለ ወትሮው አንብቦ ፈረመ።

አራቱ መስኮቶች ተገጠሙ፤ በዚያ ክረምት ደምሰው ቢያስለውም ሆስፒታል አልተኛም። ለቀሩት ሦስት መስኮቶች ባለፈው ወር አብረው ዋጋ ሲያጠያይቁ ፈየራ በካሬ ስምንት መቶ ብር ጨምሮ ጠበቃቸው። እነሱም እያጠራቀሙ ነው።