የተመለሰው ስንቅ

ከጎንደር የወጣሁት አመሻሽ ላይ ነው፤ አዘዞን ሳልፍ መብራት ገና አልበራም። ወንድሜ ታከለ በአብዮቱ መጀመሪያ የአራዳ ሰፈራችን ሰው እጁን አውጥቶ የመረጠው የመጀመሪያው የቀበሌ ሊቀ መንበር ነበር። ኋላ የደርግ ሰዎች ጎረቤቶችህን አሳልፈህ ስጥ ሲሉት እንቢ አለና ታሰረ። እኔ በወጣሁበት ቀን እናቴ ምሳውን ይዛለት እስር ቤት ሄደች። አገልግሉን እንደ ሞላ ይዛው ተመለሰች፤ ፊቷ ግን በርቷል።

«ስንቁን መለሱት! እዚህ የለም አሉኝ። አምልጧል ማለት ነው፤ ሱዳን ገብቷል። አንቺንም እየፈለጉሽ ነው፤ ተነሺ ተከተዪው!»

ስንቅ ሲመለስ እስረኛው ተገድሏል ማለት መሆኑን በከተማው ያልገባው አልነበረም። የሌላ ሰው ልጅ ሲሆን እናቴም ታውቀዋለች።

ምን ልበላት? «እሺ» አልኩ። በመተማ መንገድ፣ ቁጥቋጦ ሥር ተደብቄ፣ እናቴ ያስያዘችኝን የወንድሜን ምሳ በላሁ።

አሁን ያለሁት በሱዳን በኩል አልፌ ካናዳ፣ አልበርታ የሚሉት ክፍለ ሀገር ነው። ብርዱን፣ የጎንደርን ደጋ ኮሶዬን ለምታውቁ ልንገራችሁ፤ ኮሶዬ ከዚህ ጋር ሲተያይ ቆላ ነው። ዳቦው ይጣፍጣል፤ ሰዉ መንገድ ላይ ፈገግ ይላል እንጂ እናትሽ ደኅና ናት ወይ አይልም። ማታ ማታ እንግሊዝኛ እማራለሁ። ፊደልንም ዘግይቼ ከታከለ ነው የተማርኩት፤ ስለዚህ አላፍርም።

አንድ ቅዳሜ አስተማሪዎቻችን፣ ክፍለ ሀገሩ ሲመሠረት የመጀመሪያው መሪ የነበሩት ሰው የኖሩበትን ቤት አስጎበኙን። ግድግዳው መጽሐፍ በመጽሐፍ ነው።

«በባቡር ሐዲድ ጉዳይ ክርክር ተነሣና ሥልጣናቸውን ለቀቁ» አለች አስጎብኚዋ።

«የት ታሰሩ?» አልኳት።

«ማን?»

«ሰውዬው።»

«ኧረ ለምን ይታሰራሉ? ወደ ጥብቅና ሥራቸው ተመለሱ። እዚሁ ሲያነቡ አረጁ።»

«ቤታቸው ገብተው?»

የክፍሌ ተማሪ ሁሉ ሳቀ። አንድ ፖላንዳዊ ብቻ አልሳቀም። የሰውዬውን ወንበር አየሁት፤ በመቀመጥ ብዛት ጎድጉዷል። ታከለም ማንበብ ይወድ ነበር።

በማግስቱ ደወልኩ። እናቴ በቀጠሯችን አራዳ ቴሌ መጥታ ጠበቀችኝ። መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ዘመድ ማልዶ ተሰብስቦ፣ ግራና ቀኝ ይዞ ነው። እሷን ማን ይይዝልኛል?

«ታከለን አገኘሽው?» አለችኝ፤ እሱም ከሱዳን ወደዚህ የተሻገረ ይመስላታል።

«አገሩ ሰፊ ነው፣ እማዬ።»

«ምነው ድምፅሽ?»

«ጉንፋን ነው።»

«እሱም ብርድ አይችልም። ሸጋ ጋቢ አሠርቼለታለሁ፤ በሰው እልክልሻለሁ። እንዳገኘሽው አልብሺው።»

«እሺ» አልኳት። «አለብሰዋለሁ።»