ኔትወርክ ሲመለስ ይገኛል

ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ሚስቴ አታውቀውም። የነፍስ አባቴ ዘንድ ቀርቤ ቁጣዬንና ሐሜቴን ስቆጥር እንኳ ይህችን አንዷን እየዘለልኩ እዚህ ደርሻለሁ። ፊታችሁን ለማላየው ለእናንተ መናገር ለምን ቀለለኝ? ፈሪ ስለሆንኩ ነው። ፈሪነቴን ከአሁኑ እወቁልኝ፤ ኋላ ላይ እንዳታዝኑልኝ።

መርሳ ከተማ፣ መናኸሪያው አጠገብ ስልክ እጠግናለሁ። ሰው ስልኩን ከነምስጢር ቁጥሩ ትቶልኝ ገበያውን ጨርሶ ይመለሳል። "ደሳለኝ ጋ ነው" ካለ ሐሳብ የለበትም። እኔ የበላሁት ይህንን እምነት ነው። ብሩ ከዚያ በኋላ የመጣ ነው።

ጦርነቱ ገና ሰሜን ርቆ ሳለ አንድ ደንበኛዬ ወልድያ ወሰደኝ። ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ሱፍ የለበሱ ሰዎች ስለ አዲስ የዲጂታል ክፍያ አገልግሎት አስረዱን። መብራት ትከፍሉበታላችሁ፣ የልጅ ትምህርት ቤት ትከፍሉበታላችሁ፣ አስቤዛ ትገዙበታላችሁ አሉ። መመዝገቢያ ትከፍላለህ፤ ሁለት ሰው ስታስገባ ድርሻ ታገኛለህ፤ እነሱም ሁለት ሁለት ሲያስገቡ ይጨመርልሃል። አዳራሹ አጨበጨበ፤ እኔም አጨበጨብኩ፤ ከፍዬም ገባሁ። የመተግበሪያውን ስም አልጽፈውም፤ ስሙን እየቀየረ ስለሚመጣ ቢነገራችሁም አይጠቅማችሁም።

ማጭበርበር መሆኑን አላወቅክም ነበር ወይ ትሉኛላችሁ። አውቄአለሁ። መብራት ልክፈልበት ስል "በቅርቡ ይጀምራል" ይለኛል። የሞባይል ካርድ ልሙላበት ስል፣ በቅርቡ። ትርፌን ላውጣ ስል ደግሞ፣ አዲስ ከሚገባ ሰው ጥሬ ብር ተቀበልና ስልክህ ላይ የሚታየውን የብር ቁጥር ወደ እሱ ስልክ አስተላልፍለት አሉኝ። ያን ጊዜ ቁልጭ ብሎ ታየኝ። ከየትም የሚመጣ ገንዘብ የለም። የኋለኛው ለፊተኛው ይከፍላል፤ አዲስ ሰው የጠፋ ቀን መጨረሻ የገባው አጨብጭቦ ይቀራል። በቴሌግራም ግሩፓቸው ይህንኑ የጠየቀ ሰው ወዲያው ሲባረር አየሁ። አይቼ ዝም አልኩ። ለምን? የከፈልኩትን ሳላስመልስ መውጣት አንገበገበኝ። መጨረሻ የገባው ሰው እኔ እንዳልሆን ሌላ ሰው ፍለጋ ወጣሁ።

ያገኘሁት ጋሽ ሰይድን ነው። ጋሽ ሰይድ የሰፈራችን ቅሬ ዳኛ ነበሩ። ቅሬያችን ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አብሮ የሚቀባበርበት ነው፤ የከፈን መግዣው፣ የድንኳኑና የሐዘንተኛው መደገፊያ ገንዘብ በእሳቸው እጅ ነበር። ቤታቸው ሄጄ፣ ገንዘቡ ቁጭ ከሚል በዚህ ክፍያ ቢገባ ይወልዳል አልኳቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙኝና አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

"ልጄ፣ መክፈያ ነው ካልክ እስቲ ከፍለህበት አሳየኝ። አንድ ኪሎ ስኳር ግዛበት።"

"ነገ ይምጡና ያያሉ ጋሼ" አልኳቸው።

አሁን የምነግራችሁ ዋናውን ጥፋቴን ነው። ማታውኑ ባለሱቁ ከድር ጋ ሄድኩ። ከድር ቀደም ብሎ በእኔ ስር የገባ ጓደኛዬ ነው። የስኳሩን ዋጋ በጥሬ ብር አስቀድሜ ከፈልኩት፤ ነገ ስልኬን ስነካካ ስልክህን አየት አድርገህ "ደርሷል" በል አልኩት። በማግስቱ ጋሽ ሰይድ መጡ። ስልኬን ነካካሁ። ከድር ስልኩን አየና "ደርሷል ጋሼ" ብሎ ስኳሩን አቀበላቸው። ሽማግሌው ስኳሩን በሁለት እጃቸው ይዘው "ማሻአላህ! ጉድ እኮ ነው!" እያሉ ሳቁ። እኔም አብሬያቸው ሳቅሁ። ያ ሳቄ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። ሰውየው እኮ መጠየቅ ያለባቸውን ጠይቀው ነበር! የጥያቄያቸውን መልስ የሰረቅሁት እኔ ነኝ።

ቅሬው ሲመክርበት እትዬ የሺ፣ ጠጅ እየጣሉ ልጆቻቸውን ያሳደጉ መበለት፣ "ዋሱ ማነው?" ብለው ተነሱ። ጋሽ ሰይድ ናቸው የመለሱላቸው።

"ምን ዋስ ያሻል፣ የሺ? ደሳለኝ አልጋችንን ተሸክሞ የሚቀብረን ልጅ አይደል? የሚቀብረኝ ሰው ይሰርቀኛል?"

በእኛ አገር ይህ ቃል ክርክሩን ይዘጋዋል። አብሮ የሚቀብር ሰው ዋስ አይጠየቅም፤ መጠየቁ ራሱ ነውር ነው። እትዬ የሺም አፍረው ተቀመጡ። ገንዘቡን ተቀበልኩ፣ በጋሽ ሰይድ ስልክ ላይ ቁጥር አስገባሁላቸው፣ ገሚሱን ከላዬ ላሉት ላክሁ፣ ገሚሱን ኪሴ ከተትሁ።

ክረምቱ ሲገባ ጦርነቱ ወደ እኛ ገሰገሰ። ቆቦ ደረሰ ተባለ፣ ከዚያ ወልድያ ደረሰ ተባለ። አንድ ቀን ጠዋት መተግበሪያውን ብከፍት አይከፈትም። የቴሌግራም ግሩፑም የለም። ልብ በሉ፣ ኔትወርክ ነበረ። ለሌላው ሰው ስልክ ይሠራል፤ የሞተው የእኛ ነገር ብቻ ነው። ሰዎቹ ሸሽተዋል። ጋሽ ሰይድ ሱቄ ቢመጡ ምን እላለሁ እያልኩ ባጃጅ በቆመ ቁጥር በር በሩን አይ ነበር። በኪሴ በቀረው የቅሬው ብር ሚስቴንና ልጄን መኪና አሳፍሬ ወደ ደሴ ላክኋቸው፤ እኔ ሱቁን ልጠብቅ ቀረሁ። የከባድ መሣሪያው ድምፅ ከወልድያ በኩል እየቀረበ ሳለ ኔትወርኩ ጠፋ። ሰው ሁሉ ዘመዱን መደወል አቅቶት ስልኩን እየያዘ ወደ እኔ ሲሮጥ፣ እናቶች ሲያለቅሱ፣ እኔ ምን አደረግሁ? ተመስገን አልኩ። እግዜር ሳይደግስ አይጣላም አልኩ በልቤ። አገር ሲጨልም እኔ መሸሸጊያ አገኘሁ።

ጋሽ ሰይድ መጡ። "መጓጓዣ ለሌላቸው ከቅሬው ገንዘብ ብናወጣላቸው ብዬ ነበር" አሉኝ።

"ኔትወርክ የለም ጋሼ።"

"ሲመለስስ? ይገኛል?"

"ይገኛል" አልኳቸው። "ኔትወርክ ሲመለስ ይገኛል።"

መንገዱ እስኪዘጋ ድረስ መውጣት የቻለ ወጣ። ያልቻሉት ቀሩ፤ እትዬ የሺም ቀሩ። ከተማዋ በተያዘች በዚያ ወቅት እትዬ የሺ የስኳር መድኃኒታቸው አለቀ፤ ፋርማሲው ባዶ ነበር፤ ብዙም ሳይቆዩ አረፉ። ደሴ ቢደርሱ ይተርፉ ነበር? አላውቅም፤ ይተርፉም ይሆናል። እኔ የማውቀው ለእሳቸው መሳፈሪያ ይሆን የነበረው ብር የእኔን ሚስትና ልጅ ደሴ ማድረሱን ነው። የቀበርናቸው ጋሽ ሰይድ ከላያቸው ባወለቁት ጋቢ ጠቅልለን ነው። መግነዣ መግዣ አልነበረንም። ከአልጋቸው አንዱን እግር የተሸከምኩት እኔ ነኝ።

መንገዱ ተከፈተ፤ ኔትወርክም ተመለሰ። እኔ "ኩባንያው በጦርነቱ ከሰረ" አልኩ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ይሏል ይህ ነው። ሆስፒታሉ ተዘርፏል፣ ትምህርት ቤቱ ፈርሷል፤ ስለ አንድ መተግበሪያ ማን ይጠይቃል? ሁሉም አመነኝ። ጋሽ ሰይድም አመኑኝ፤ ግን ራሳቸውን አላዳኑበትም። ቅሬውን ሰብስበው ቆሙ።

"ገንዘቡ የጠፋው በእኔ እጅ ነው። ጦርነት ነው ብዬ አላመልጥም፤ አላህ ይጠይቀኛል" አሉ። የብርቱካን ማሳቸውን ሸጠው ከፈሉ። የጎደለውን እስክሞላ አፉ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ ብለው ለመኑ። አፉ ብለናል አለ ሰው ሁሉ። እኔም ከሰው መሐል ተቀምጬ፣ የዘረፍኳቸውን ሰው፣ አፉ ብያለሁ አልኳቸው። እንዴት ያለ አንደበት ነው ይህን የሚል?

ዕዳውን ሳይጨርሱ ባለፈው ዓመት አረፉ። መቃብራቸው አፍ ላይ ልጃቸው እንድሪስ ቆሞ "አባቴ ላይ የሰው ሐቅ ያለው ካለ እኔን ይጠይቀኝ፤ አፉ የሚልም አፉ ይበለው" አለ። በቀብር የሚጠየቀው ይህ ነው፤ ሟች ማን ዘንድ ዕዳ አለበት? የሟችን ሐቅ የበላ ማነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። እኔን ያተረፈኝ ያ ጥያቄ አለመጠየቁ ነው። አካፋ ይዤ ቆሜ ነበር። ለሁለተኛ ጊዜ አፉ አልኳቸው።

ዝም ብዬ እሞት ነበር። ግን ትናንት እንድሪስ ሱቄ መጣ። ስልኩን ሰጠኝና አዲስ የመክፈያ መተግበሪያ ጫንልኝ አለኝ። ሁለት ሰው ካስገባህ ድርሻ አለው ብለውታል፤ ለመመዝገቢያው ያለችውን አንዲት ላም ሊሸጥ ነው። "የአባቴን ቀሪ ለቅሬው እጨርስበታለሁ፣ ደሳለኝ። አባቴ በዕዳ ተኝቶ እንቅልፍ አይወስደኝም" አለኝ። ባትሪው ችግር አለበት፣ ነገ ና ብዬ ስልኩን አስቀረሁት። ይህም ውሸት ነው።

ነገ ጠዋት ይመጣል። አዲስ ሰው ባይገባ ገንዘቡ ከየት ይመጣል ብለህ ጠይቃቸው ብየው ላሙን ላድንለት እችላለሁ፤ ስሜ ሳይነሳ፣ መካሪ ሆኜ፣ ተመርቄ። ሌሊቱን ሙሉ ያባበለኝ ይህ ሐሳብ ነው። አላደርገውም። የአባትህ ዕዳ የእኔ ነው እለዋለሁ፤ ስለ እትዬ የሺም እነግረዋለሁ። ከዚያ በኋላ ያሻውን ያድርገኝ። አፉ በለኝ ግን አልለውም። አባቱ በእኔ ጥፋት ያንን ቃል አገር ፊት ቆመው ለምነውበታል፤ ለእኔ የሚሆን አልተረፈም።