ካሜራው ያልወደደው ፊት

ሆሣዕና ሙሽራ ታስውባለች። በሰው አገር፣ ፍሌሚንግደን ፓርክ በሚባል ሰፈር ካለው ፎቅ ቦርሳዋን እየጎተተች ወርዳ አውቶቡስ ትይዛለች፤ የስንቱን ሙሽራ ፊት አቃንታለች። የራሷን ጉንጭ ግን ሸፍናው አታውቅም። ብጉሩ ከሄደ ቆይቷል፤ ጉድጓዱ ቀርቷል። ሰው ቂሙን በሆዱ ይይዛል፤ እሷ ፊቷ ላይ ነው ያኖረችው፣ በየማለዳው መስታወት ውስጥ እንድታገኘው።

በአሥራ ስድስት ዓመቷ ከሰንበት ትምህርት ቤት መዘምራን አንዷ ነበረች። መዝሙሩ በቪዲዮ በሚቀረጽበት ቀን፣ ሰልፉን የሚያስተካክሉት ወይዘሮ ጸዮን አገጯን በሁለት ጣት ቀና አድርገው፣ "የኔ ልጅ፣ አንቺ ከከበሮው ኋላ ሁኚ። ካሜራው ፊትሽን አልወደደውም" አሏት። ሴቶቹ ሳቁ። ከዚያ ወዲህ አልዘመረችም፤ በዚያ አገር የሐምሌ ሙቀት እንኳ አውቶቡስ ውስጥ የሹራቧን ቆብ አታወርድም ነበር።

ከሃያ ሁለት ዓመት በኋላ ወይዘሮ ጸዮን ደወሉ። ልጃቸው እየሩሳሌም ልታገባ ነው፤ በሠርጉ ጭንቀት ፊቷን ብጉር ወርሶታል። ሆሣዕናን አላስታወሷትም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

ሆሣዕና ቦርሳዋ ውስጥ አንዲት ፓውደር ጨመረች። የሙያው ሰው የሚሸሻት ናት፤ በመስታወት አትታይም፣ የካሜራ ብልጭታ ሲያርፍባት ግን ፊትን ታነጣለች። ለሙሽራዋ ነበር ያሰበቻት።

በሠርጉ ጠዋት በር የከፈቱላት ወይዘሮ ጸዮን ያዩት ቦርሳዋን እንጂ ፊቷን አልነበረም። ልጅቷን አስቀምጠው፣ "ደህና አድርገሽ ለስኚው፤ የሰው መሳቂያ ልታደርገኝ ነው" አሉ።

"አይ ኖው፣ ማም፤ አውቃለሁ" አለች ልጅቷ፣ አንገቷን ደፍታ።

ያንን የተደፋ አንገት ሆሣዕና አወቀችው። የራሷ ነበር። ፓውደሯን ወደ ቦርሳዋ መልሳ፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ በእርጋታ ሠራች።

ሲያልቅ ወይዘሮ ጸዮን ወንበሩን ያዙ። "እኔንም እስቲ ቀባ ቀባ አድርጊኝ።"

ፓውደሯ ወጣች። አልሰሰተችም።

ሳሎን ውስጥ ፎቶ አንሺው ባስልኤል ሦስቴ አነሳ፣ ሦስቴ ካሜራውን አየ፤ ከዚያ ለሆሣዕና አሳያት። ሙሽራዋ ታበራለች፤ እናትየው ወፍጮ ቤት የዋሉ መስለዋል።

"ወይዘሮ ጸዮን፣" አለች ሆሣዕና፣ ዘመድ ሁሉ እየሰማ፣ "እርስዎ ከኋላ ይሁኑ። ካሜራው ፊትዎን አልወደደውም።"

አንዱ ሳቀ፤ ሌሎቹ ተከተሉት። ወይዘሮ ጸዮን ለመጀመሪያ ጊዜ ጉንጯን አዩ፣ ጉድጓዱን አንድ በአንድ። አወቋት። ከሰው ኋላ ሄደው ቆሙ።

ይቅርታ ያሳርፋል ይላሉ ሊቃውንቱ። ይሁን፤ በቀል አያሳርፍም ያለ ግን ሆሣዕናን ያን ቀን አላያትም። በመልሱ አውቶቡስ ያንን መዝሙር ድምጿን ዝቅ አድርጋ ዘመረችው። አንድም ቃል አልጠፋባትም።