በእጄ የጻፍኩት ዕጣ

ባለፈው ሳምንት ከቅዳሴ ስወጣ አንድ ወጣት አራዳ ሰፈር ካለው ቤቴ ድረስ ተከትሎኝ መጣ። ባንክ ቤት የሚሠራ፣ ጨዋ ልጅ ነው። «አባታችን፣ ልመንኩስ ወይስ ላግባ፣ መወሰን አቃተኝ። ሦስት ቀን ሱባኤ እይዛለሁ፤ እርስዎ ዕጣ ያውጡልኝ» አለ። «እኔ ዕጣ አላወጣም፤ ሌላ ቄስ ፈልግ» ብዬ ጮህኩበት። ደንግጦ ወጣ። ልጁ ምንም አልበደለኝም። የተቆጣሁት ከሠላሳ ዓመት በፊት ወገራ ውስጥ በነበረ አንድ ዲያቆን ላይ ነው፤ ያም እኔው ነኝ።

ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ጎንደር ቁስቋም ቅዳሴውን ተምሬ ወደ አገሬ ተመልሻለሁ። የደብራችን ቄስ መምሬ ካሳ አርጅተው ስለ ነበር ቅስናው ለእኔ ታስቧል። ዲያቆን ግን ከመቀሰሱ በፊት በተክሊል ማግባት አለበት፤ ከቀሰሰ ወዲያ ላግባ ቢል አይሆንም። እኔ ደግሞ ቃል የገባሁላት ልጅ ነበረችኝ። ስንዱ ትባላለች፤ የቀጥቃጩ የአያ ደሴ ልጅ ናት። ቤተሰቡ ከቤተ እስራኤል ወገን ነው፤ ዘመዶቻቸው ወደ እስራኤል ሲሄዱ እነሱ ተጠምቀው ቀርተዋል። አያ ደሴ በሠሩልን ማረሻ እያረስን፣ በሠሩልን ማጭድ እያጨድን፣ ዓይናቸውን እንፈራ ነበር። «ጠይብ ናቸው፣ ሰው ይበላሉ» ይባላል።

ጥቅምት ላይ የጽዋ ማኅበር እኛ ቤት ዋለ። የመንገዱ ጭቃ መድረቁ ነበር፤ ገብሱ ቢጫ ሆኗል፣ የባቄላው እሸት ደርሷል። ስንዱ ለእናቴ እሸት በእቅፏ ይዛ ጎንበስ ብላ ስትገባ ሴቶቹ ዳቦውን በነጠላ ሸፈኑት። እኔም ከፊቴ የነበረውን ሳህን በጋቢዬ ጫፍ ሸፈንኩ። ብዙ ዘመን «እጄ ቀድሞኝ ነው» ስል ኖሬአለሁ። ውሸት ነው፤ ሰዎቹ እያዩኝ ስለ ነበር ነው። እሷም አየችኝ። እሸቱን መሬት አስቀምጣ ወጣች።

ማታውን እናቴ «የጠይብ ልጅ ካገባ ቄስ እጅ ማን ይቆርባል?» አለችኝ። እወዳታለሁ ለማለት ወኔ አጣሁ፤ አልፈልጋትም ለማለትም አፈርኩ። የንስሐ አባታችንም የነበሩት መምሬ ካሳ ነገሩ ሲከር «እግዚአብሔርን እንጠይቅ» አሉ። ሦስት ቀን ሱባኤ ይያዛል፤ በአንድ ወረቀት «ይሁን»፣ በሌላው «አይሁን» ተብሎ ይጻፋል፤ ወረቀቶቹ ተጠቅልለው መንበሩ ላይ ያድሩና ከቅዳሴ በኋላ እሳቸው አንዱን ያነሣሉ።

ስንዱ ይህን ስትሰማ ደስ አላት። መንገድ ላይ ጠብቃ «ሸጋ ነው። የሚፈርድብኝ ሰው ነው እንጂ እሱ አይፈርድብኝም» አለችኝ። ሦስቱንም ቀን ፀሐይ እስክትጠልቅ እህል ውኃ ሳትቀምስ፣ የደጀ ሰላሙን ግንብ ተደግፋ ስትጸልይ ዋለች።

ወረቀቱን ጻፍ የተባልኩት እኔ ነበርኩ፤ እጅ ጽሕፈቴ ያምራል። በሁለቱም ላይ «አይሁን» ብዬ ጻፍኩ። ማንም አላዘዘኝም፤ እናቴ እንኳ እስክትሞት አላወቀችም። እንዲህ የሚያደርግ ሰው እግዚአብሔርን የማያምን ይመስላል። እኔ ግን አምን ነበር። «ይሁን» ይለኛል ብዬ ፈርቼ ነው።

መምሬ ካሳ አንዱን አንሥተው ቅጽሩ ውስጥ ለቆምነው አነበቡት። ሌላውን እኔ ቤተ መቅደሱን የማስተካክል መስዬ ገብቼ የጥናው ፍም ላይ ጣልኩት። ስወጣ እናቴ መሬት ስማ እየተነሣች ነበር። ስንዱ ወደኔ መጣች፤ ከንፈሯ ከጾሙ የተነሣ ተሰነጣጥቋል።

«እግዜር አልፈለገኝም ማለት ነው?» አለችኝ።

ያኔ እንኳ መናገር እችል ነበር። «ፈቃዱ ነው» አልኳት፤ እንደ ሰባኪ ድምፄን ለስለስ አድርጌ። አያ ደሴ ከኋላዋ ቆመው ነበር። «ምነው፣ እግዜርም እንደ ጎረቤቶቻችን ነው?» አሉና እጇን ይዘው ወሰዷት።

በዓመቱ ቤታቸውን ዘግተው ወደ ጎንደር ወረዱ፤ ቆይተውም እስራኤል ወዳሉት ዘመዶቻቸው ሄዱ። እኔ እናቴ የመረጠችልኝን አግብቼ ቀሰስኩ። ባለቤቴ ደግ ሴት ናት፤ ከዚህ ጥፋት ድርሻ የላትም። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ፤ የእጅ ወለምታማ እንዴት ይታሻል? መምሬ ካሳ ካረፉ በኋላ ለሌላ የንስሐ አባት ተናዘዝኩ፤ ስግደት ተሰጠኝ፤ ጉልበቴ እስኪላጥ ሰገድኩ። ቀኖናዬን ጨረስኩ። ስንዱ ግን የሰማችው ነገር የለም።

ዓምና የወንድሟ ልጅ አገር ሊያይ መጥቶ፣ አያቱን የሚያውቅ ሰው ሲያጠያይቅ ወደ እኔ መሩት። ማን እንደሆንኩ አያውቅም። ስንዱ ደኅና ናት፣ ልጆችም ወልዳለች አለኝ። «ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች?» ብዬ ጠየቅሁት። «ኧረ ደጁም አትደርስ። 'ባለቤቱ አልፈልግሽም ካለኝ ቤት ምን ልሠራ እሄዳለሁ' ትላለች» ብሎ ሳቀ። ሲሰናበተኝ ስልኳን ሰጠኝ፤ «ይደውሉላት አባ፣ የአገሯን ሰው ድምፅ ትወዳለች» አለኝ።

ቁጥሩ ስልኬ ውስጥ አለ። ለምእመናን የእግዚአብሔርን ምሪት እንዴት መጠበቅ እንዳለባቸው አስተምራለሁ፤ ያደንቁኛልም። ጠዋት ጠዋት መንበሩ ፊት ብቻዬን ስቆም ግን «ጌታዬ፣ ልደውልላት ወይስ ይቅር? ምራኝ» እለዋለሁ። መልሱን በወንድሟ ልጅ አፍ ከነገረኝ ዓመት ሆነው፤ እኔ ግን አሁንም እየጠየቅሁት ነው።