ነጠላው የማይቆሽሽ ግድግዳ

የአሰብ ጎረቤታችን የነበሩት እትዬ ዘነቡ ደውለው «ልጄ፣ ያ የአሰቡ ግድግዳችሁ ፈረሰ አሉ» ሲሉኝ፣ እዚህ በሰው አገር የተከራየሁት ቤት በር እየተቀባ ነበር። የቀለም ማቅጠኛው፣ የአኳራጁ ሽታ አባቴን ይዞብኝ መጣ።

አባቴ አሰብ ውስጥ የማስታወቂያ ሠዓሊ ነበር። አንድ ሳሙና ነጋዴ ሥራ ሲሰጠው፣ ወደ ወደቡ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ግድግዳ ላይ እናቴን ነጭ ነጠላ አልብሶ ሣላት። ከግርጌዋ የሳሙናውን ስም ብቻ ጻፈ። ከዚያ በየጠዋቱ፣ የወደቡ ወዛደሮች ሲያልፉ፣ ነጠላዋን ብቻ በዚያው ሳሙና ያጥባል። ግድግዳው በአቧራና በጨው ነፋስ ሲጠቁር፣ ነጠላዋ እንደነጣ ቀረ።

«ጋሼ፣ እመቤቲቱ ራሷ ማጠብ አቅቷት ነው?» ይሉታል።

«እጇ ግድግዳው ላይ ተጣብቆባት ነው» ይላቸዋል።

እየሳቁ ያልፋሉ፤ ማታ ሲመለሱ ግን ሳሙናውን ገዝተው ይገባሉ።

እናቴ በወባ ሞተች። ነጋዴውም ከተማውን ለቆ ሄደ። አባቴ ግን ማጠቡን አልተወም፤ እንዲያውም ፊቷንም ማጠብ ጀመረ።

«አባዬ፣ ሳሙናውኮ መሸጥ ቆሟል» አልኩት።

«የማጥበው ለሳሙናው መስሎሽ ነው?» አለኝ። ያኔ አልገባኝም።

እናቴ ፎቶግራፍ ተነሥታ አታውቅም። በጸሎቴ የክርስትና ስሟን እጠራለሁ፤ ፊቷ ግን ከዓይኔ እየጠፋ ነው፤ ምን እንደማደርግ ጨንቆኛል። በዚያ ዘመን አሰብ የነበራችሁ፣ ስለ እግዚአብሔር ብላችሁ የድሮ ፎቶዎቻችሁን አገላብጡልኝ። ግድግዳው ሥር የተነሣችሁት ካለ ላኩልኝ፤ ከኋላችሁ ያለችው እናቴ ናት።